የዘውገ ሰምና የእታገኘሁ ብር

ዘውገ አንጥረኛው ከአባቱ የወረሰው አንድ ልማድ ነበረው። የሰው ብር ወይም የሰው መስቀል ለጥገና ሲመጣለት፣ እሳት ከማስነካቱ በፊት፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ፣ ዕቃውን በለሰለሰ የማር ሰም ላይ በሁለቱም ፊቱ ያትመዋል። ሰሙን ለባለቤቱ ይሰጣል። ዕቃው ሲመለስ ሰሙም ይመለሳል። ደረሰኝ መሆኑ ነው እንግዲህ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ባልነበረበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ደረሰኝ ከየት ይመጣል?

አባቱ ይህን ልማድ የያዙት ወደው አልነበረም። አንጥረኛ ሆኖ በላስታ የተወለደ ሰው ከሁለት ነገር አያመልጥም፤ ከእሳትና ከሐሜት። ብሩን አጥቦ ቢመልስ “ቀንሶበታል” ይባላል፤ ሳያጥብ ቢመልስ “ለውጦታል” ይባላል። ዝም ብሎ ቁጭ ቢል ደግሞ “ዓይኑን አያችሁት?” ይባላል። ሴቶቹ የአንገት መስቀል ሊያሠሩ ይመጡና ልጃቸውን በነጠላቸው ጥቅልል አድርገው ሸፍነው፣ ጎን ለጎን ቆመው ያናግሩታል። እጁን ይፈልጉታል፣ ዓይኑን ይፈሩታል።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ አንድ ካድሬ ከገነተ ማርያም በላይ ወዳለው ወደ እነዘውገ መንደር መጥቶ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ከእንግዲህ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያለ ሰው የሚሰድብ ይቀጣል፤ የሚባለው የእጅ ባለሙያ ነው አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከስብሰባው ሲወጡ ይማርሽ የምትባለው የዘውገ ጎረቤት ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ፣ “በሉ እንግዲህ የእጅ ባለሙያ እንዳይበላብን ልጆቻችንን እንሸፍን” አለች። ሁሉም ሳቀ። ዘውገም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

ሚስቱ ዓለምእሸት ፈትለወርቅን ስትወልድ ነው የሞተችው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። በዚያ ቀን መንደሩ ውስጥ የነበሩት አዋላጅ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ ቢላክባቸው “ታምሜያለሁ” አሉ። በማግስቱ ገበያ ላይ ታዩ። ዘውገ ይህን ለማንም አላወራም። ሰው ግን ያላወራውን ነገር ቶሎ አይረሳም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖረ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የጥር ወር እንደገባ፣ ያቺው ፈትለወርቅ ራሷ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገሩ ወግ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ባሏ ከፋለ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሰባት ወሩ ነው። ዘውገ የልጁን ሆድ ባየ ቁጥር ወናፉን መንፋት ይረሳል፤ ከሰሉ ይሞትበታል። አንድ ቀን ጨከነና ሚስቱ ስትሞት ለማዋለድ ሌላ መንደር ሄዳ የነበረችውን አዋላጅ፣ እታገኘሁን፣ መንገድ ላይ ጠብቆ አቆማት። ስድሳ አምስት ዓመት የሞላት፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ አፏ የማይታክት ሴት ናት።

“እትዬ እታገኘሁ፣ ልጄ ወሯ ገብቷል” አላት።

“አይቻታለሁ። ሆዷ ወርዷል። ቀኑ ሲደርስ ላክብኝ፣ እመጣለሁ።”

“ቤቴ ድረስ ይመጣሉ?”

“ታዲያ መንገድ ላይ ላዋልዳት ኖሯል?” አለችና እየሳቀች አለፈች። ዘውገ እዚያው መንገዱ ላይ ትንሽ ቆመ። በሕይወቱ እንዲህ ቀላል ሆኖ ከባድ ነገር የሰጠው ሰው አልነበረም።

እታገኘሁ በዚያ አገር የታወቀችው በእጇ ብቻ አይደለም፤ በብሯም ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ የጠቆረች ብር። በአንድ ፊቷ የሴት ራስ አለ፤ በሌላው ፊቷ ሕፃን የታቀፈች ሴት ቆማለች። የእታገኘሁ ቅድመ አያት ማሳ ሲያርሱ ከማረሻው ሥር ያገኟት ናት ይባላል። ማርያም ናት ተባለች። ደግሞስ በላስታ ምድር ሕፃን የታቀፈች ሴት ሌላ ማን ልትሆን ኖሯል? ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ እታገኘሁ ወረደች። የምታምጥ ሴት ስትኖር ብሯ በክር አንገቷ ላይ ትታሰራለች፤ ስትገላገል ቅቤ ይቀባላታል፤ ቀጥሎም ምድጃው አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ ትሰቀላለች። እንግዲህ የሦስት ትውልድ ቅቤና የሦስት ትውልድ ጥላሸት አስቡት።

እና የዚህችው ብር ማንጠልጠያ ጆሮ ተበልቶ ሊቆረጥ ደረሰ። እታገኘሁ ይዛት መጣች።

“ሌላ ጆሮ አብጅላት። የይማርሽ ምራትም ያንተም ልጅ ወራቸው ነው፤ ቶሎ ትድረስልኝ።”

ዘውገ ሰሙን በመዳፉ አሽቶ አለሰለሰና እያየችው በሁለቱም ፊት አተመላት። በሰሙ ላይ አንድ ራስ፣ በሌላው በኩል አንዲት ሴትና አንድ ሕፃን ወጡ፤ ሌላው ሁሉ ድፍን ነበር። ሰሙን በመሀረቧ ጠቅልላ፣ “እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ” ብላ ሄደች።

እዚህ ላይ ነው ዘውገ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ስሕተት የሠራው። ጆሮ ለመበየድ የሚጸዳው ጆሮው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን መንካት ባለቤቱ ሳያዝ አይደረግም። አባቱ ይህን በኩርኩም ነው ያስተማሩት። ግን ሰውዬው ደስ ብሎት ነበር። የሴትዮዋን ውለታ በምን ልክፈል እያለ ሲጨነቅ የሰነበተ ሰው፣ “አጥቤ እንደ አዲስ አብርቼ ልስጣት” አለ። ሎሚ ውስጥ ነከራት፣ በላመ አመድ አሻት፣ በቀጭን ብሩሽ ጠራረጋት። ብሯ ቀስ በቀስ ነጣች።

ከዚያ ልጆቹ መውጣት ጀመሩ።

በግራ ክንዷ ያለው ሕፃን የታወቀው ነው። በቀኝ ክንዷ ግን፣ ሁልጊዜ የኩታ እጥፋት በሚመስለው ቦታ፣ ሌላ ሕፃን ብቅ አለ። ዘውገ ማሸቱን ቢያቆም ይሻለው ነበር፤ እጁ ግን እንቢ አለው። ከእግሯ ሥር በአንድ በኩል እጇን ወደ ላይ የዘረጋች ትንሽ ልጅ ወጣች። በሌላው በኩልም ሌላ። አራት ልጆች። ማርያም ያላት ልጅ አንድ ነው። ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም።

ገለበጣት። የሴትዮዋ ራስ ነጠላ የለበትም። ጸጉሯ በማዕበል በማዕበል ተበጥሮ ማጅራቷ ላይ ተቋጥሯል። ዙሪያዋን ጽሑፍ አለ፤ ዘውገ ባለፈው ክረምት በመሠረተ ትምህርት ከለያቸው ፊደሎች አንዱም የለበትም። የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር አለመሆኗንማ ያወቀው ገና ሲይዛት ነው። ጠገራን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃታል፤ ደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ እየቆጠረ ነው እውነተኛዋን ከሐሰተኛዋ የሚለይ። ይቺ የማሽን ሥራ አይደለችም። ጠርዟ እኩል አይደለም፤ ማኅተሙ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። የሆነ አገር፣ የሆነ ጊዜ፣ እንደሱ ያለ ሰው ተቀምጦ በመዶሻ መቷታል፤ ምናልባት ቸኩሎ ነበር፣ ምናልባት አለቃው ቆሞበት ነበር።

“ፈትለወርቅ፣ ጉድ ፈላብን” አለ ዘውገ።

ልጁ ሆዷን ደግፋ መጥታ አየች። “አራት ናቸው?” አለች። ቀጥላም፣ “አባባ፣ ለውጦታል ይሉሃል” አለች። እሱ ያሰበውን ነው የተናገረችው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ብሯን በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ላሊበላ ወረደ። ሰው ገበያ ሲገባ እሱ ወደ መምህር ውባንተ ቤት ሄደ። ውባንተ የደሴ ልጅ ነው፤ የታሪክ መምህር፤ ክረምቱን በመሠረተ ትምህርት ዘውገን “ሀ ሁ” ያስቆጠረው እሱ ነው። አስተማሪውን ለመጠየቅ ያልፈራውን ያህል መልሱን ፈርቶ ነበር።

መምህሩ ብሯን ወደ ብርሃን ይዞ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበባቸው። “ፋውስቲና፣ አውግስታ” አለ።

“አውግስጦስ ቄሣር እንደሚባለው? በገና እንደሚነበበው?”

“ገብቶሃል፣ አያ ዘውገ። የቄሣሮቹ ማዕረግ ነው፤ ለሚስቶቻቸውም ይሰጥ ነበር። ይቺ የሮም ንግሥት ናት ማለት ነው። ቆይ እስቲ።” ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ወሰደው። በንጉሡ ጊዜ የነበሩ የፈረንጅ አስተማሪዎች ጥለዋቸው የሄዱ ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ፤ ግማሾቹን አይጥ በልቷቸዋል። መምህሩ አቧራ እያራገፈ የሚፈልገውን ጥራዝ አገኘና ቆሞ እያነበበ ተረጎመለት። ከክርስቶስ ልደት ወዲህ በመቶ ስድሳ ገደማ የነበረች ናት። ባሏ ንጉሠ ነገሥት ነው። ከአሥር በላይ ልጆች ወልዳለች፤ የበዙትን በልጅነታቸው ቀብራለች። በዘመኗ በስሟ ብዙ ብር ተመቷል፤ ልጅ በመውለዷ የከበረችበትም አለ።

“ክርስቲያን ነበረች?”

መምህሩ መጽሐፉን አጠፈ። “አልነበረችም። በባሏ ዘመን ክርስቲያኖች ተገድለዋል።”

ዘውገ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። “እዚህ ምን አመጣት?”

“ነጋዴ ነዋ። በባሕር እስከ አዱሊስ፣ ከዚያ በቅሎ ጭነት ላይ። ማን ያውቃል? ሰው ጣላት፣ ወይ ቀበራት፣ ያገርህ ሰዎች አረሷት።” መምህሩ ብሯን መልሶ ሊሰጠው ሳሳ። “ቅርስ ናት እኮ፣ አያ ዘውገ። አዲስ አበባ ሙዚየም ቢጻፍላቸው በደስታ ይቀበሏታል።”

“የሰው ዕቃ ናት” አለ ዘውገና በጨርቁ ቋጠራት።

የመመለሻው ዳገት በዚያ ቀን ረዘመበት። መንገዱን ሁሉ አንድ ሐሳብ ተከተለው። ቅቤ አለ። ጥላሸት አለ። ሁለቱን ለውሶ፣ በጣቱ ጫፍ ልጆቹ ላይ ጠቅጥቆ፣ እሳት አጠገብ ጥቂት ቢያቆያት ብሯ እንደነበረችው ትሆናለች። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከሱ የተሻለ እጅ በላስታ የለም። ማርያም ማርያም ትሆናለች፣ እታገኘሁ ትደሰታለች፣ ልጁ በሰላም ትገላገላለች። ማን ይጎዳል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ እንጃ።

ቤት እንደገባ ሳይቀመጥ ቅቤና ጥላሸት በገል ላይ ለወሰ። ፈትለወርቅ አይታው፣ “ለኔ ብለህ ነው?” አለችው።

“ላንቺ ነው። ሌላ ለማን ነው?”

“እኔ እኮ ያለዚች ብርም እወልዳለሁ።”

“ያለ እታገኘሁስ?”

ፈትለወርቅ እናቷን በምን እንዳጣች ታውቃለች፤ ማንም ባይነግራት ሰፈሩ ነግሯታል። ዘውገ በጥላሸት የጠቆረ ጣቱን ብሯ ላይ እንዳንጠለጠለ ብዙ ቆየ። ሠላሳ ዓመት የሰው ብር አቅልጧል፤ አንድ ፍንጣሪ ሰርቆ አያውቅም፣ አንድ ሰው አታልሎ አያውቅም። የሚሉት ሁሉ ውሸት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ራሱ ነው። “አንዴ ካደረግኩት የሚሉኝን ሆንኩላቸው ማለት ነው” አለና ጣቱን በአመድ ጠርጎ ገሉን ደፋው። ጆሮዋን በየዳት። ጥሩ አድርጎ ነው የበየዳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እታገኘሁ መጣች፤ ይማርሽንም አስከትላለች። የይማርሽ ምራት ደርሳለችና ብሯን ከእጅ ወደ እጅ ልትወስድ ነው የመጣችው። ዘውገ አላንዛዛም። ብሯን እታገኘሁ መዳፍ ላይ አኖረና ያደረገውን ሁሉ፣ መምህሩ ያነበበለትንም ሁሉ፣ አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

ይማርሽ ቀድማ ነቃች። ከእታገኘሁ መሀረብ ውስጥ ሰሙን ፈልቅቃ አውጥታ ከብሯ ጎን ያዘችው። “እዩ እስቲ። ሰሙ ላይ አንድ ልጅ ነው። ብሯ ላይ አራት። ሰሙን ያተመ እሱ ራሱ አይደለም? ማርያምን አቅልጦ የፈረንጅ ንግሥት ሰጠሽ።”

የዘውገ አባት ከሐሜት እንዲያድነው ያወረሱት ሰም ይኸው ዞሮ መሰከረበት። ቅቤው የሸፈነውን ሰም ሊያትመው እንደማይችል ለማስረዳት ሞከረ፤ ግን ሰው ሲደነግጥ እውነቱም እንደ ውሸት ይንተባተባል።

እታገኘሁ ሰሙንም ይማርሽንም አላየችም። ብሯን ነው የምታየው። “ስንት ወለደች አልከኝ?” አለች።

“ከአሥር በላይ ይላል መጽሐፉ።”

“ስንቱን ቀበረች?”

“የበዙትን።”

“ንግሥት ሆናም?”

“ንግሥት ሆናም፣ እትዬ።”

እታገኘሁ ራሷ ዘጠኝ ወልዳ ሁለት ነው የቀሩላት። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሌላ ቃል ሳትናገር ብሯን ጨብጣ ወጣች። እመጣለሁም አላለች፣ አልመጣምም አላለች። ዘውገን የገደለው ይሄ ነው።

ወሬው እስከ ማግስቱ እንኳ አልጠበቀም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ፣ አንዱ ዘውገ ሌሊት ሲያቀልጣት አየሁ አለ፤ ሌላዋ ማርያም ስታለቅስ ሰማሁ አለች። ብዙ ሰው ያሠራው የነበረውን ሥራ ሳይጨርስ መጥቶ ወሰደ። የይማርሽ ምራት ያለ ብሯ ወለደች፤ ደህና ወለደች፤ ግን እሱንም “ዓይኑ ስላልደረሰባት ነው” አሉ። ፈትለወርቅ ሁለት ጊዜ ወገቧን ያማትና ይተዋታል። ዘውገ በያዛት ቁጥር ይነሣና በሩ ላይ ቆሞ ወደ እታገኘሁ ቤት ያያል። ያንን ገል፣ ያንን ቅቤና ጥላሸት ለምን ደፋሁት እያለ ስንቴ እንደተጸጸተ እሱ ነው የሚያውቀው። ምኑ ነው እውነት፣ ልጄን ካልጠቀማት፣ ይላል። መልሶ ደግሞ ያፍራል።

ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ታቦቷ ወጥታ ከገባች በኋላ መምሬ የሻው ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጡት። የእታገኘሁ የነፍስ አባት ናቸው፤ ነገር ሲንዛዛ አይወዱም። “ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ” አሉና ሰሙንና ብሯን መስቀላቸው አጠገብ አኖሯቸው። ዘውገ ተነሥቶ ተናገረ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሳልጠየቅ ማጠቤ ጥፋቴ ነው፣ አልለወጥኩም አለ። ይማርሽም ተነሥታ ተናገረች፤ አራቱን ልጆች በጣቷ እያሳየች ቆጠረችላቸው። ጉርምርምታው ለማን እንዳደላ ለመስማት ጆሮ መስጠት አያስፈልግም ነበር።

መምሬ ወደ እታገኘሁ ዞሩ። “አንቺ የዕቃው ባለቤት ነሽ። ብርሽ ይቺ ናት ወይስ አይደለችም?”

ነገሩ እንግዲህ ሁሉ እሷ አፍ ላይ ቆመ። “አይደለችም” ብትል የተዘረፈች ሴት ናት፤ አገሩ ያዝንላታል፣ አርባ ዓመት ያሰረችላቸው ማርያም ማርያም እንደሆነች ትቀራለች፣ ዘውገም ያልቅለታል። “ናት” ብትል ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ የአሕዛብ ንግሥት በክርስቲያን አንገት ላይ ስታስር ኖራለች ማለት ነው። ዘውገ ይህን ሁሉ አሰበና፣ “አይደለችም ብትልም አልፈርድባትም” አለ በልቡ። ከልቡ ነበር።

እታገኘሁ ብሯን አነሣች። ዓይኗን ጨፈነች። በአውራ ጣቷ ጠርዟን ዞረችው፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“እኔ ይቺን ብር በዓይኔ አላውቃትም፣ አባቴ” አለች። “በጨለማ ቤት፣ በምጥ መሐል ነው የምይዛት። በጣቴ ነው የማውቃት። እዚህ ጋ ተነክሳለች። ይማርሽ፣ አንቺ ነሽ የነከስሻት፤ ልጅሽን ፈንታውን ስትወልጂ። ጥርስሽም የቀረው እዚያው ነው።”

ሴቶቹ ሳቁ። ይማርሽ ሳታስበው እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ የጎደለው ጥርስ እውነት ነውና።

“ይቺው ናት” አለች እታገኘሁ፤ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል። “ልጆቿን ያልቆጠርኩ እኔ ነኝ። እሱ ያጠበው የኔን ቅቤ ነው።”

“እንግዲያ ማርያም አይደለችም” አሉ መምሬ።

“አይደለችም። እናቴም ተሳስታለች፣ እኔም አርባ ዓመት ተሳስቻለሁ። ይፍቱኝ።”

መምሬ ቀኖና ሰጧት፤ ስግደትና የአንድ ሱባኤ ጾም። ብሯን ከእንግዲህ በማርያም ስም እንዳትጠራት አዘዟት። “ሴትዮዋ የራሷ ስም አላት አይደል?” አሉ። ለዘውገም፣ “አንተም ያላዘዙህን አትጠብ” አሉትና ተነሡ።

ነገሩ በዚህ አበቃ እንዳትሉ። ዘውገ ከሌብነት ዳነ፤ እታገኘሁ ግን ከሰረች። ያን ሰሞን የሚወልዱት ሴቶች ሌላ አዋላጅ ከወዲያኛው ተረተር አስመጡ። “እጇ ረክሷል” ያለችም አለች። አርባ ዓመት የመንደሩን ልጅ ሁሉ የተቀበለች ሴት በቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ እንዝርት ማሾር ያዘች። ዘውገ ይህን እያየ ምን ብሎ ይሄዳል፣ ምን ብሎ ይለምናታል? በኔ ምክንያት ሁሉን ያጣች ሴት፣ ደግሞ ልጄን አዋልጂልኝ ልበላት? ብሎ ፈራ።

በጥር ሃያ ስድስት ረፋድ ላይ የፈትለወርቅ ምጥ እውነቱን መጣ። የሚልከው ሰው አልነበረም። ዘውገ የሥራ ሽርጡን እንዳገለደመ ሮጠ። እታገኘሁ ደጃፏ ላይ ነበረች። ከሩቅ አየችው፣ እንዝርቷን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አደገደገች።

“እትዬ፣ እኔ ምንም ልልዎት አይገባኝም” ብሎ ጀመረ፤ ትንፋሹ ተቆራረጠ።

“ላክብኝ ነበር ያልኩህ። አንተ ራስህ ምን ታደርግ ሮጠህ መጣህ? ልጅቷን ብቻዋን ጥለህ” አለችና ቀድማው ወረደች።

ዘውገ ደጅ ቀረ። ከውስጥ የእታገኘሁ ድምፅ ይሰማል፤ ትቆጣለች፣ ታባብላለች፣ ትቀልዳለች። አንድ ጊዜ ፈትለወርቅ እያቃሰተች፣ “ብሯን ይዘዋታል? አንገቴ ላይ ይሰሩልኝ” ስትል ሰማ።

“ማርያምን በአፍሽ ጥሪያት” አለች እታገኘሁ። “ይቺን በእጅሽ ያዢያት። ከአሥር በላይ የወለደች ናት፤ ያንቺ አንዱ አይገርማትም። ብቻ እንዳትነክሻት።”

ፈትለወርቅ በምጧ መሐል ሳቀች። ያን ሳቅ ሲሰማ ዘውገ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ቀጥሎም እታገኘሁ እጇን እያደራረቀች ደጃፉ ላይ ወጣች።

“ሴት ናት። እናቷም ደህና ናት። እንኳን ማርያም ማረቻት።”



ልጅ ሲወለድ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እልል ይላሉ፤ ወጉ ነው። እታገኘሁ መንደሩን ቃኘች። ሁሉም ቤት ጢስ ይጨሳል፣ ሁሉም ቤት ሰው አለ፤ ደጃፍ ላይ የወጣ የለም። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና የራሷን እልልታ፣ ለሴት ልጅ የሚገባውን ሦስቱን፣ አንድ በአንድ አሰማች። ዘውገ በቃ መስሎት ነበር። እሷ ግን ወደ ላይኛው ቤት ዞረች።

“ይቺ የይማርሽ ድርሻ ናት” አለችና እልል አለች፤ ሦስት ጊዜ።

ቀጥሎ ወዳለው ቤት ዞረች። “ይቺ የአሰለች።” ሦስት ጊዜ።

“ይቺ የየሺሃረግ።” ሦስት ጊዜ። እያንዳንዱን ቤት በስሙ እየጠራች፣ ፊቷን ወደ በሩ እያዞረች፣ ያልመጡትን ሴቶች ድርሻ እልል አለችላቸው። አሮጊት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትደክም ነው የዋለች። አምስተኛው ቤት ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ሳል አቋረጣት።

“ይበቃል፣ እትዬ እታገኘሁ” አላት ዘውገ። እያለቀሰ ነበር፤ እንባውንም አልጠረገውም።

“ምኑ ይበቃል? ይልቅ ውሃ ስጠኝ” አለችው። “ገና የሦስት ቤት ይቀረኛል።”

ዘውገ ውሃውን በቅል ቀድቶ አመጣላት። እየሮጠ ስለነበር ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ።